የመጨረሻዎቹ አሥራ ሁለት ገጾች

በ2005 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ፣ ካርድ በተሰጠበት ቀን፣ የእንግሊዝኛው መምህር ሀብተሥላሴ ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚያልፉትን ተማሪዎች በየቡድናቸው አስቀመጡና ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አንድ መጽሐፍ አደሉ። መጽሐፍ ይባል እንጂ ፎቶ ኮፒ ነው፤ መቶ አርባ ስምንት ገጽ፣ ጀርባው በስቴፕል የተመታ። አድለው ሲጨርሱ እጃቸውን ከጠመኔ አራግፈው ሕጉን ተናገሩ።

«መስከረም ላይ ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ቀን ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ጥያቄ በዕጣ ይደርሳችኋል። ከቡድኑ አንድ ሰው መመለስ ካቃተው፣ ቡድኑ በሙሉ ከሃያ ዜሮ ያገኛል። መረዳዳት የለም።»

«ቲቸር፣ አንዱ ባያነብስ? እኛ ምን አጠፋን?» አለች ምኞት።

«እንዲያነብ አድርጉዋ! አንድ ለአምስት የተደራጃችሁት ለፎቶ ነው እንዴ?»

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ግን አልሳቁም። ለየቡድኑ መሪዎች አንድ ወረቀት ጨመሩላቸው። ቡድኑን የሚለቅ አባል ካለ መሪውና ለቃቂው የሚፈርሙበት ፎርም ነው፤ ትምህርት በተከፈተ ዕለት ጠዋት ይመለሳል። የለቀቀ ሰው ብቻውን ይጠየቃል፤ ቢወድቅም ብቻውን ይወድቃል።

መቲ ጉደታ ፎርሙን ለአራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የቡድኑ መሪ እሷ ናት። በዚያ ዓመት ከክፍሉ ሁለተኛ ወጥታለች፤ ከአንደኛው የሚለያት ሦስት ነጥብ ነበር። እነዚያን ሦስት ነጥቦች በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ ልታገኛቸው አስባለች። ከሃያ ዜሮ ካገኘች ግን ሦስት ነጥብ ብሎ ነገር የለም።

አንድ ለአምስት ይባል እንጂ እነሱ አራት ነበሩ፤ አምስተኛዋ በየካቲት ወደ ነቀምቴ ተዛውራ ሄዳለች። መቲና ምኞት አምቦ ነው ቤታቸው። ለሊሳ የጊንጪ ልጅ ነው። ዋቅቶላ ደግሞ ከጌዶ መጥቶ አምቦ ቤት ተከራይቶ ይማራል። ክረምት ሲሆን ሁለቱም ወደየቤተሰቦቻቸው ይሄዳሉ። አንድ መጽሐፍ ለሦስት ከተማ እንዴት ይዳረስ?

መላውን የዘየደችው ምኞት ናት። ከእናቷ ሱቅ ቢላ አመጣችና ስቴፕሉን ነቅላ መጽሐፉን አራት ቦታ ከፈለችው። እያንዳንዱ ክፍል ሠላሳ ሰባት ገጽ ሆነ፤ በየካኪ ፖስታውም ገባ። አንዱን ክፍል አንዱ አሥራ አምስት ቀን ያነበዋል፤ ከዚያ ፖስታውን ለሚኒባስ ረዳት ሰጥቶ ለቀጣዩ ይልካል። ተቀባዩ መናኸሪያ ወጥቶ ይጠብቃል። ረዳቶቹ ለዚህ ምንም አይጠይቁም፤ በጣም ሲጨክኑ «ማስቲካ» ይላሉ።

ያለባቸው ሥራ መጽሐፉ ብቻ አልነበረም። ሂሳብ መቶ ሃያ ጥያቄ፣ ባዮሎጂ ሠላሳ ዓይነት ቅጠል አድርቆ መለጠፍ፣ ሲቪክስ ስምንት ገጽ ሪፖርት ታዝዘዋል። ይህንን ተከፋፈሉት። የለሊሳ ቤት ለጭልሞ ደን ቅርብ ስለሆነ ቅጠሉ የእሱ ሆነ። ሲቪክሱን ምኞት ወሰደች፣ ሂሳቡን መቲ። ዋቅቶላ የእጅ ጽሑፉ የሚያምር ስለሆነ የየቅጠሉን ስም እንዲጽፍ ተፈረደበት። ንባቡ ግን ለማንም ተላልፎ የሚሰጥ አልሆነም።

ሐምሌ እንዲህ ሄደ። መቲ ጠዋት ሂሳብ ትሠራለች፤ እናቷ ወይዘሮ ባየሽ ከጤና ጣቢያ ለምሳ እስኪመለሱ ወጥ ትጥዳለች፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መዝገበ ቃላት አጠገቧ አድርጋ ታነባለች። ታሪኩ ቀላል ነበር። አንዲት ሴት ሰውን በጀልባ ወንዝ ታሻግራለች፤ መንግሥት በዚያው ቦታ ድልድይ ሊሠራ መሐንዲስ ይልካል። የሚያስቸግረው ሁሉም ከየራሱ ቦታ መጀመሩ ነው። ለለሊሳ መጀመሪያ የደረሰው አራተኛው ክፍል ስለነበር፣ ነሐሴ ላይ መሀሉን ሲያገኝ ለመቲ ደወለና «እንዴ! እኔ የቀበርኩት ሽማግሌ እዚህ ቁጭ ብሎ ትምባሆ ያጨሳል እኮ!» አላት።

ችግሩ የመጣው ከዋቅቶላ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች እያንዳንዳቸውን አምስትና ስድስት ቀን አዘግይቶ ላከ። አራተኛው ክፍል፣ ማለትም መጨረሻው፣ ከእሱ ወደ መቲ መምጣት ነበረበት። ነሐሴ አለቀ፤ አልመጣም። የአባቱ ስልክ «ጥሪ አይቀበልም» ይላል።

«ከብት ተራ ነው ያለው» አለች ምኞት፣ ጳጉሜ አንድ ቀን እናቷ ሱቅ ውስጥ ስኳር እየመዘነች። «የአክስቴ ልጅ አይታዋለች። በሬ ይዞ ቆሞ ነበር አለች። ለበሬው ያነብለት እንደሆነ እንጃ።»

«ሥራ ይዞት ነዋ፤ አባቱ ነጋዴ ናቸው።»

«እኔ ክፍል ሦስትን አልልክለትም ብያለሁ። አራተኛውን ሳይልክ ምን ይሠራለታል? መቲ፣ ልጁ አያነብም። አንድ ጥያቄ መልሶ ያውቃል እንዴ ዓመቱን ሙሉ? እዚያች ሰሌዳ ፊት ቆሞ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ አራታችንም ዜሮ ነን። ፎርሙን አስፈርሚው።»

«ለሊሳስ ምን አለ?»

«‹እናንተ እንዳላችሁ› አለ። ለሊሳን አታውቂውም?»

ማታ አባቷም ያሉት ይህንኑ ነው። ኦቦ ጉደታ የግብርና ጽሕፈት ቤት መዝገብ ሠራተኛ ናቸው፤ ፊርማ የሌለበት ነገር አይጥማቸውም። «አስፈርሚው» አሏት። «ክፋት የለበትም። ልጁ ብቻውን ይወድቃል እንጂ ሦስት ሰው ጎትቶ አይወድቅም።»

«መጀመሪያ ሄደሽ እዪው» አሉ እናቷ።

በማግስቱ ቅዳሜ ክፍል ሦስትን ከምኞት ተቀብላ፣ ፎርሙንም ይዛ የጌዶ ሚኒባስ ተሳፈረች። ጉደርን እስኪያልፉ ዘነበ። ለዋቅቶላ የምትለውን በልቧ አዘጋጀች፤ አጭር ነበር። ጌዶ ስትወርድ የዋቅቶላን አባት የኦቦ ኤጄታን ቤት ጠየቀች፤ አንዲት ልጅ እየሮጠች አደረሰቻት።

ዋቅቶላ ጓዳ መስኮት አጠገብ አልጋ ላይ ተቀምጦ፣ ጉልበቱ ላይ ጣውላ አጋድሞ ይጽፋል። ሲያያት ደንግጦ ተነሣ።

«መቲ! ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ነው?»

«እኔ ምንም አልሆንኩም። የጠፋኸው አንተ ነህ። ስልካችሁ ምን ነካው?»

«ወድቆ ተሰበረ። ልልክልሽ ነበር እኮ፤ አልጨረስኩትም።»

«ሠላሳ ሰባት ገጽ በወር?»

ጣውላው ላይ ያለውን ደብተር አየች። አነሣችው። አጠገቡ ሌሎች ሁለት ደብተሮች ተደርድረዋል፤ እነሱንም ገለጠች። መጽሐፉ ነው። ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ አንድ ፊደል ሳይዛነፍ ተገልብጧል። ፎቶ ኮፒው ያጠቆረው ቦታ ላይ ሲደርስ «አይነበብም» ብሎ በቅንፍ አስቀምጦ አልፏል።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«መጽሐፉ ነዋ።»

«ለምን ገለበጥከው?»

«አንብቡ ተባልን አይደል?» አላት፤ ጥያቄዋ ግራ አጋብቶታል።

ቁጭ አለች፤ እሱ እያረፈ ነገራት። እሱ የተማረበት የገጠር ትምህርት ቤት ለአንድ ክፍል የሚደርሰው አንድ መጽሐፍ ነበር። መምህሩ ዓርብ ለአንዱ ልጅ ይሰጡታል፤ ልጁ ሰኞ ሲመልስ ደብተሩን ያያሉ፤ ገልብጦ ከሆነ «አንብቧል» ይላሉ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ያነበበው እንደዚህ ነው። አሁንም በቀን ሁለት ገጽ ይገለብጣል፤ ከብት ተራ የዋለ ቀን አንድ።

መቲ የመጀመሪያውን ደብተር መሀል ላይ ከፈተች። «ይህቺ ሴትዮ ማን ናት?»

«የትኛዋ?»

«መጽሐፉ ውስጥ ሌላ ሴት የለችም እኮ! ጀልባ የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ጽፈኸዋል?»

«ብዙ ጊዜ።»

«ጀልባዋ የማን ናት?»

ዋቅቶላ መስኮቱን አየ። ቀጥሎ ጣሪያውን አየ።

የመቲ እጅ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ፎርሙን በሁለት ጣቶቿ ይዛዋለች። ብታወጣው ለምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቃት እንደሚፈርም አወቀች። እስክሪብቶው እጁ ላይ ነው፤ ፊርማውም እንደ ጽሑፉ ያማረ ይሆናል። ከዚያ በሚቀጥለው ሚኒባስ አምቦ ትገባለች። ሰባ አራት ገጽ የገለበጠ፣ በሦስተኛው ደብተር ሃያ አምስት ገጽ የጨመረ ልጅ ግን ሰነፍ ነው ብላ ለማንም መናገር አትችልም፤ ለራሷም ቢሆን። ፎርሙን ለቀቀችና ክፍል ሦስትን አወጣች።

«ይኸን አትገለብጠውም» አለችው። «በየገጹ ሦስት ነገር ብቻ ትጠይቃለህ። ማን መጣ? ምን ፈለገ? አገኘ ወይስ አላገኘም? መልሱን በፈለግከው ቋንቋ ዳር ላይ ጻፈው።»

ከመጀመሪያው ክፍል ጀመሩ። እሱ የገለበጠውን ያነባል፤ እሷ ታቆመዋለች፤ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ይነጋገራሉ። መጀመሪያ ላይ አንድ ገጽ ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። ሴትዮዋና መሐንዲሱ መጣላታቸው ሲገባው ዋቅቶላ ደብተሩን አስቀምጦ «ይኸን ሁሉ እኔ ነኝ የጻፍኩት?» አለ።

አባቱ ኦቦ ኤጄታ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከገበያ ገቡ። ዱላቸውን በር ላይ አስደግፈው ሁለቱን አዩ።

«አስተማሪ መጣልን እንዴ?»

«አይ፣ የክፍል ጓደኛው ነኝ፣ ኦቦ ኤጄታ።»

«ሁለት ወር ሙሉ ሲጽፍ ነው የከረመው። እኔማ ፍርድ ቤት ሊከሰኝ ነው ብዬ ነበር።»

«እባክዎን እስከ መስከረም ድረስ በሬ አያሲዙት።»

«በሬውን ማን ይይዝልኛል? አንቺ?»

«ከፈለጉ እይዛለሁ።»

ሳቁባት፤ ግን እሺ አሉ።

አሥር ሰዓት ሆነ። መቲ መሄድ ነበረባት፤ አራተኛውን ክፍል እሷ ገና አላየችውም። ዋቅቶላ የገለበጣቸውን ሃያ አምስት ገጾች ለይቶ ሰጣት። የቀሩት አሥራ ሁለት ናቸው።

«እነዚህን ገልብጬ ሰኞ ልላክልሽ? ካልጻፍኩት ቃሉ ከዓይኔ ይጠፋል። ደግሞ አሁን ዳር ዳሩን እሞላዋለሁ።»

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ሃያ አምስቱን ገጽ ለማንበብ ለእሷም ሁለት ቀን ያስፈልጋታል። «ሰኞ እንዳታሳልፍ» ብላው ወጣች። ማታ አባቷ «አስፈረምሽው?» ሲሏት «አላስፈረምኩትም» አለች። «እንግዲህ ራስሽ ታውቂያለሽ» አሏትና ራዲዮናቸውን ከፈቱ።

ሰኞ ዕለት ከሰባት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት መናኸሪያ ቆመች። ከጌዶ የመጣ ሁሉ «ፖስታ የለም» ይላል። ማክሰኞ ተራ አስከባሪው አጣራላት። የበዓል ተሳፋሪ ሞልቶ የመጣ አንድ ሚኒባስ መናኸሪያ ሳይገባ በቀጥታ አዲስ አበባ አልፏል፤ ፖስታ ይዞ ነበር። ሹፌሩ መኪናውን እዚያው ጋራዥ አስገብቶ ለእንቁጣጣሽ ቤተሰቡ ጋ ሄዷል። «ከመስቀል በፊት አትጠብቂው» አላት ተራ አስከባሪው፤ እሱም አዘነላት።

ምኞት ጋ ሄደች።

«መጨረሻው ምን ይሆናል?»

«ድልድዩ ይመረቃል፣ ሰዉ ይጨፍራል፣ ሴትዮዋ ጀልባዋን ገዢ ይመጣላትና አትሸጥም። አለቀ።»

«ለምን አትሸጥም?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ? ከወር በላይ ሆነው እኮ ካነበብኩት። ወዳት ይሆናላ!»

ለሊሳ ከዚያም የባሰ ነበር። «መጨረሻውን እኮ መጀመሪያ ነው ያነበብኩት» አላት በስልክ። «ያኔ ማን ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የሽማግሌውን ቀብር ልንገርሽ?»

መቲ ዋቅቶላ ገልብጦ ያስቀረው ደብተር አለ፤ ትምህርት ሲከፈት ከእሱ አነባለሁ ብላ ጠበቀች። ትምህርት መስከረም ስድስት ተከፈተ፤ ዋቅቶላ ግን አልመጣም። ፎርሙን የመለሰ አንድም ሰው ከእነሱ ቡድን አልነበረም፤ ምኞት ቀኑን ሙሉ መቲን አላናገረቻትም። ዋቅቶላ በማግስቱ ጠዋት ነው ከጌዶ የገባው፤ ክፍል ሲደርስ ደወል ተደውሎ መምህር ሀብተሥላሴ ዕጣውን የያዘውን የጫማ ካርቶን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋል። ቦርሳውን እንዳነገተ ኋላ ተቀመጠ።

የእነሱ ቡድን ሦስተኛ ተጠራ። ለሊሳ ወጣ፤ የደረሰው የሽማግሌው ቀብር ነበርና ፈገግ ብሎ መለሰ። ምኞትም መለሰች። ዋቅቶላ ወረቀቱን ሲያወጣ ምኞት ዓይኗን ጨፈነች። መሐንዲሱ ሴትዮዋ ቤት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ሁለተኛ ጊዜ የመጣው ምን ፈልጎ ነው? ዋቅቶላ ጣሪያውን አየ። ከዚያ በዝግታ፣ ቃል በቃል እየለቀመ፣ በእንግሊዝኛ ተናገረ። መጀመሪያ የመጣው መሬቷን ፈልጎ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ግን ጎርፉ መንገዱን ቆርጦበት እንድታሻግረው ሊለምን ነው የመጣው። አገኘም።

«ትክክል» አሉ መምህሩ። ምኞት ዓይኗን ገለጠች።

መቲ ወጣች። ወረቀቱን ዘርግታ አንድ ጊዜ አነበበችው፣ ደገመችው። ድልድዩ ከተመረቀ በኋላ ሴትዮዋ ጀልባዋን ያልሸጠችው ለምንድን ነው?

«የአባቷ ማስታወሻ ስለሆነች ነው» አለች። መጽሐፍ ውስጥ ያለ ሰው ነገር የማይሸጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

«ጀልባዋ የአባቷ ነበረች ይላል መጽሐፉ?»

«አይልም።»

«ታዲያ?»

ኋላ ያለው ዋቅቶላ እጁን አወጣ። መምህሩ ሳያዩት «እጅህን አውርድ» አሉ። መቲ ስለ ሚኒባሱ ልትናገር ትችል ነበር። ብትናገር ግን ቀጣዩ ጥያቄ ገጾቹ እስከ ጳጉሜ ማን ጋ ቆዩ የሚል ነው።

«ቲቸር፣ ያንን ቦታ አላነበብኩትም።»

መምህር ሀብተሥላሴ ቀና ብለው አዩዋት። ከእሷ ይህን አልጠበቁም ነበር። ከዚያ መዝገቡ ላይ ጎንበስ ብለው ከአራት ስም አጠገብ አራት ዜሮ ጻፉ።

በእረፍት ሰዓት አራቱ ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ተገናኙ።

«ክረምቱን ሙሉ እሱ ይጥለናል ስል!» አለች ምኞት። «ፎርሙን እሷን ነበር ማስፈረም!»

«የምን ፎርም?» አለ ዋቅቶላ።

ለሊሳ ጫማውን ማየት ጀመረ። ምኞት ከንፈሯን ነከሰች። መቲ ነገረችው፤ ጌዶ የመጣች ቀን ቦርሳዋ ውስጥ ምን እንደነበረ፣ ለምን እንደነበረ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ።

«ብትሰጪኝ እፈርም ነበር» አለ ዋቅቶላ።

«አውቃለሁ።»

«ፖስታው አልደረሰሽም ማለት ነው?»

«አዲስ አበባ አለፈ።»

«ለቲቸር ለምን አልነገርሽውም?»

«ሕጉ አይቀየርም። አንተ ላይ ደግሞ ጥፋት ይጨመርብሃል። ይልቅ ንገረኝ፤ ለምንድን ነው ያልሸጠችው?»

«ከብቶቹ ናቸዋ» አለ ዋቅቶላ። «ድልድዩ ጣውላ ነው፤ በስንጥቁ ውሃው ከታች ይታያል። ሰዉ ተሻገረ፤ ከብቶቹ አንወጣም አሉ። እረኞቹ ወደ እሷ ተመለሱ፤ ከብቶቹን ከጀልባዋ ጎን እያስዋኘች ታሻግራለች። እንዴት ትሽጣት?»

«ከብቶቹ!» ምኞት ራሷን ያዘች። «ውይ፣ ከብቶቹን ረሳኋቸው!»

«አሁን ነው የምታስታውሺው?» አለ ለሊሳ፤ ሳቁን ሊይዘው ሞክሮ አልቻለም። ምኞት በደብተሯ ትከሻውን መታችው፤ ከዚያ እሷም ሳቀች፣ ንዴቷ ገና ሳይወጣላት።

ማታ ራት ላይ ኦቦ ጉደታ ጠየቁ። «እንግሊዝኛው ስንት ሆነ?»

«ዜሮ።»

እጃቸው ወጡ ላይ ቆመ። «አላልኩሽም? ያ ልጅ ጣላችሁ አይደል?»

«እሱ መልሷል። የጣልኳቸው እኔ ነኝ።»

ኦቦ ጉደታ ባለቤታቸውን አዩ። «ምን ተጠይቀሽ ነው መልሱ የጠፋሽ?»

መቲ ስለ ሴትዮዋ፣ ስለ ጀልባዋና ስለ አዲሱ የጣውላ ድልድይ ነገረቻቸው። ጥያቄውን ገና ሳትጨርሰው አባቷ አቋረጧት።

«ከብት መቼ እንዲህ ባለ ድልድይ ላይ ይወጣል!»

«አሁንማ» አለች መቲ፣ «ሁሉም ያውቀዋል።»